የኮሪደሩ ባለ አንድ ዓይን ሰውዬ

በየትኛው ዓመት እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። የወደቡ መንገድ በአገራችን ከባድ መኪኖች ከተጨናነቀ በኋላ ነው፤ አዲሱ ባቡር ናጋድ ጣቢያ መግባት ከመጀመሩ በፊት ነው። በመካከል ያሉትን ዓመታት የጅቡቲ ሙቀት እርስ በርስ አጣብቆብኝ መለየት አቅቶኛል። ፍርሃቱን ግን ትናንት የሆነ ያህል አስታውሰዋለሁ።

ያኔ በባሕሩ በኩል ባለው የፈረንጆች ሰፈር የአንድ ቤት የቀን ዘበኛ ነበርኩ። የምኖረው ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ሲመሽ ተረኛው ሲመጣ እመለሳለሁ። የቤቱ ጌታ ፈረንሳዊ አስተማሪ ነበሩ፤ ሙሴ እንላቸዋለን፣ በእነሱ ቋንቋ አቶ እንደማለት ነው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሰው አክባሪ ናቸው፤ አማርኛም ይናገራሉ። ልባቸው ያለው ሸክላ ላይ ነበር፣ የሮክ ሙዚቃ ሸክላ። በሣጥን በሣጥን አድርገው በመርከብ አስጭነው አምጥተውታል።

ሙዚቃውን እኔ አልወደውም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ ሲንከባለል ነው የሚመስለኝ። ሙሴም ቢሆኑ ከማዳመጡ ይልቅ ሽፋኑን ማየት ይወዱ ነበር። ስለ ሽፋኖቹ ሥዕልና ስለ ፊደሎቻቸው አጣጣል አገራቸው ላለ መጽሔት ይጽፋሉ። ከሳሎን ወደ መኝታ ክፍሎቹ የሚወስደው ኮሪደር ግድግዳ ላይ ባለ መስታወት ክፈፍ አሠርተው ሽፋኖቹን ደርድረዋቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሙሉ ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ፣ አንዱን አውርደው ሌላ ይሰቅሉና ይጠሩኛል።

«አሎር፣ ዛሬስ ምን ይታይዎታል?»

«አሎር» በእነሱ ቋንቋ እንግዲህ ማለት ነው። እኔን የሚጠይቁኝ የእነሱን ፊደል ማንበብ ስለማልችል ነው። ለማላገጥ አልነበረም። የሚያነብ ሰው ፊደሉን ገና ሲያየው ድምፅ ያደርገዋል፣ መልኩ ያመልጠዋል፤ እርስዎ ግን መልኩ ነው የሚታይዎት፣ ይሉኝ ነበር። አንድ ደንብ አላቸው። መጀመሪያ የሚታየኝን ብቻ መናገር አለብኝ፤ ምን ለማለት እንደፈለገ የምናገረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ አፍሬ ዝም እል ነበር። እየቆየሁ ወደድኩት።

የእኛ ፊደል እግሩ ሲታጠፍ፣ ወገቡ ላይ ቅጥያ ሲወጣለት ድምፁ ይለወጣል። ስለዚህ እኔ ፊደል ሳይ መጀመሪያ እግሩን ነው የማየው። የእነሱ ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ቀን ሙሴ ሁለት ሽፋን ጎን ለጎን ይዘው አንድ ፊደል አሳዩኝ። አንዱ ላይ እንደ ግራር አጥር እሾህ አብቅሏል፤ ሌላው ላይ እንደ ቅቤ ቀልጦ ወደ ታች ይንጠባጠባል። «ሁለቱም የሚነበቡት አንድ ዓይነት ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ሙሴ፣ እሾሁ ምን ያደርግለታል?»

«እርስዎ ሲያዩት ምን ተሰማዎት?»

«እጄን የሚወጋኝ መሰለኝ።»

«በቃ! ሥራው እሱ ነው» ብለው ሣቁ።

ከዚያ በኋላ ፊደሎቹን እንደ ሰው ማየት ጀመርኩ። ቤቴ ነው ብሎ መሐል የሚቀመጥ አለ፤ በር አጠገብ እንደሚቀመጥ ዓይን አፋር እንግዳ ጥግ ላይ በትንሹ የተጻፈ አለ። ሥዕሉን እየገፋ ሰውዬውን ከወረቀቱ ሊያስወጣው የደረሰም አለ። ጭራሽ ፊደል የሌለበት፣ ባዶ የጨው ሜዳ ብቻ ያለበት ሽፋንም ነበራቸው። እሱን ሳይ «ይሄ ኩሩ ነው፣ ስሙን ለማንም አይናገርም» ብዬአቸው ሙሴ ጻፉት።

ሥዕሉን የማነበው ግን በሌላ መንገድ ነበር። እኔ ሥዕል ማየት የተማርኩት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። የእኛ ሠዓሊዎች ደግ ሰውን ሲስሉ ፊቱን ሙሉ አዙረው፣ ሁለት ዓይኑን አጉልተው ነው። ከዳተኛው፣ ገራፊው፣ ሰይጣኑ ግን በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ያስተማሩኝ ፊደል ያስቆጠሩኝ አባት ናቸው። አንድ ዓይኑን የሚደብቅህን ሰው አትጠጋው ይሉን ነበር። ስለዚህ በዚያ ኮሪደር ስሄድ ሳላስበው ዓይን እቆጥራለሁ። ሁለት ዓይን ያለው ቢጮህም፣ ጸጉሩ እስከ ወገቡ ቢወርድም፣ ደግ ነው እላለሁ። አንድ ዓይን ብቻ ያለውን ፈጠን ብዬ አልፈዋለሁ።

ሙሴና ባለቤታቸው ማዳም ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሊሄዱ ሲሉ ነው ያንን ሽፋን የሰቀሉት። ወሩ ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን እየነዳ የሚመጣበት፣ አስፋልቱ ጫማ ሥር የሚለሰልስበት ነበር። ሽፋኑ ጥቁር ሰማያዊ ወረቀት ነው። የሰው ፊት አለበት፣ ግን ግማሹ ብቻ። በስተግራ በኩል ወረቀቱ አፍንጫው ላይ ያልቃል። አንድ ዓይን፣ ግማሽ አፍ፣ ግማሽ አገጭ። ዓይኑ ፈጥጧል፣ አፉ ሊናገር እንደተዘጋጀ ትንሽ ተከፍቷል። በላዩ ላይ እሾሃማዎቹ ፊደሎች በዛገ ብረት ቀለም ተጽፈዋል። ከታች ደግሞ ነጭ ጥቃቅን ፊደሎች እንደ ጉንዳን ተሰልፈዋል።

«ምን ይታይዎታል?» አሉኝ ሙሴ።

«ክፉ ሰው» አልኳቸው።

«ደንቡን ረሱ! መጀመሪያ የሚታየውን።»

«እሱ ነው የሚታየኝ።»

ሻንጣቸው በር ላይ ስለነበር አልተከራከሩኝም። ኮሪደሩን በየቀኑ ያናፍሱ፣ እርጥበት ወረቀቱን እንዳይበላው መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ ብለውኝ ሄዱ።

ቤቱ ውስጥ እኔና ምግብ ሠሪዋ ብቻ ቀረን። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ አባቷ ነጋዴ ነበሩ፤ ንግዱ ሲወድቅ ነው እዚህ ሰው ቤት የገባችው። ውላ የምታድረውም እዚያው ነው። ፈረንሳይኛውንም ሶማሊኛውንም ዓረብኛውንም እንደ አፍ መፍቻዋ ታወራዋለች። ሙስሊም ናት፣ ባደገችበት ቤት ግድግዳ ላይ የሰው ሥዕል ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ እነዚያ ሽፋኖች ለእሷ አቧራ ከሚጠረግለት ዕቃ አይለዩም።

እኔ ግን ያንን መስታወት ፊቴን አዙሬ ነበር የምጠርገው። መዝጊያዎቹ ለነፋሱ ሲባል ስለሚዘጉ ኮሪደሩ ቀንም ጨለም ይላል። ነፋሱ ሲያፏጭ የሰውዬው አፍ የሚያፏጭ ይመስለኛል። አንድ ጠዋት እንዲያ አንገቴን ጠምዝዤ ስጠርግ ደረሰችብኝ።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው? አንገትዎን ገመድ ጎተተው እንዴ?»

«እዚህ ያለውን ሰውዬ ማየት አልፈልግም።»

«የቱን? ይሄን ጥርሱን ያመመውን?»

«ጥርሱን?»

«ወላሂ፣ እዩት እስቲ! አፉን የከፈተ፣ ዓይኑ የፈጠጠ። ቅርንፉድ የሚያስነክሰው ሰው አጥቶ ነው» ብላ እየሣቀች ወደ ማድቤቷ ሄደች። እኔም ሣቅሁ። ሣቄ ግን በሩን ከማለፌ በፊት ጠፋ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ይሁን ከወር፣ አንድ ነገር አስተዋልኩ። እሾሃማዎቹ ፊደሎች እሾሃቸው ረግፏል። ጫፋቸው ለስልሶ የተጠቀለለ ጥጥ መስለዋል። እርጥበቱ ወረቀቱን በላው ብዬ ደነገጥሁ። መስታወቱን ደጋግሜ ጠረግሁት፣ አልተለወጠም። የታችኞቹ ጉንዳኖች ደግሞ አንድ ነጭ ክር ሆነዋል። ሙሴ ሲመጡ ምን እላለሁ? ወረቀቱን አበላሹት ቢሉኝስ? ብዬ ተጨነቅሁ። ወረቀቱ ደህና እንደሆነ፣ የተበላው የእኔ ዓይን እንደሆነ አልጠረጠርኩም።

የገባኝ እንዲህ ነው። ላብ ግራ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ አቃጠለኝና በእጅጌዬ ያዝሁት። በቀኙ ብቻ ቀና ስል ኮሪደሩ የለም። ጉም ነው። መስታወቶቹ የሉም፣ ፊደሎቹ የሉም። ሰውዬው ራሱ የለም፤ እሱ በነበረበት ቦታ አንድ ጥቁር ነገር ብቻ አለ። ግራውን ስገልጠው ሁሉም ተመለሰ። ሰውዬውም በዚያች በአንዷ ዓይኑ እያየኝ ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ወሰደብኝ አልኩ በልቤ። አንድ ዓይን ይጎድለው ነበር፣ የእኔን ወሰደ። አሁን እንዲህ ስጽፈው ሞኝነት ይመስላል። ያን ቀን ግን ከዚህ ይበልጥ እውነት የሆነ ነገር አልነበረኝም።

ለማንም አልተናገርኩም። ዘበኛ ያለ ዓይን ምን ያደርጋል? በር ላይ የቆመውን የማይለይ ሰው በር አይጠብቅም። ባለቤቴ ካረፈች ቆይቷል፣ ልጅ አልወለድንም። ዓይኔ ከጠፋ እጄን ይዞ ከካርቲየ 5 ጎጆዬ ደጃፍ የሚያወጣኝ ሰው አልነበረኝም። ይህን እያሰብኩ ጨርቅ አምጥቼ ክፈፉን ሸፈንሁት። ካላየኝ አይጨምርብኝም አልኩ። በእሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጠበል በጠርሙስ ይዤ መጣሁ፣ ጠዋት ጠዋት ዓይኔን አጥባለሁ። አንዳንድ ቀን ጉሙ የሳሳ ይመስለኝና ደስ ይለኛል። በማግስቱ ተመልሶ ይወፍራል።

ሚኒባስ ስሳፈር ቁጥሩን ሳይሆን ድምፅ መጠበቅ ጀመርኩ። አንድ ከሰዓት አርሂባ ሰፈር አጠገብ ወርጄ መንገድ ስሻገር በቀኝ በኩል ባዶ ነበር። ባዶ መሰለኝ ማለቴ ነው። ወደ ወደቡ የሚሄድ ከባድ መኪና ፍሬኑን ሲይዝ የጎማው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሹፌሩ የእኛ አገር ሰው ነበር፣ በመስኮት ብቅ ብሎ በአማርኛ ጮኸብኝ።

«ሽማግሌ! ዕውር ነህ እንዴ?»

ስድቡ አይደለም ያመመኝ። ሰው ሁሉ እስኪሰማ ቃሉን መጥራቱ ነው። መንገዱ ዳር ቆሜ መኪናው እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄድኩበት ሁሉ ግድግዳ ተጠግቼ ነበር የምሄደው።

ሙሴ ሲመለሱ ጨርቁን አነሳሁት። ሐሙስ ደረሰ። አዲስ ሽፋን ሰቅለው ጠሩኝ። ግራውም ዓይኔ በዚያ ሰሞን መደብዘዝ ጀምሮ ነበር፤ መብራቱ ዙሪያ ቀለበት ይታየኝ ነበር።

«አሎር፣ ምን ይታይዎታል?»

ጥቁር ታየኝ። መሐሉ ላይ ቢጫ ክብ።

«ሌሊት ነው» አልኳቸው። «ጨረቃ ወጥታለች። ብቻዋን ናት። ፊደሎቹ ከታች እንደ ባሕር ተኝተዋል።»

ሙሴ ደብተራቸውን ገለጡ። ከዚያ ብዕራቸው ወረቀት ላይ ሲፋጭ ሰማሁ። «ጨረቃ! እንዲህ አስቤው አላውቅም» አሉ። ምግብ ሠሪዋ የሎሚ ጭማቂ ይዛ መጥታ ከኋላችን ቆማ ነበር። ጭማቂውን አስቀመጠች። ትንሽ ቆይታ «አባባ፣ ጋዙን ያንሱልኝ» ብላ ወደ ማድቤት ጠራችኝ።

የሚነሣ ጋዝ አልነበረም። በሩን ዘጋችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች የሆነ ነገር ከፍ አድርጋ።

«ሽንኩርት።»

«ደህና አድርገው ይዩት።»

«እ… ድንች ነው።»

«አባባ፣ ጡጫዬ ነው!»

መሣቅ ፈልጋ ነበር መሰለኝ። ግን ድምፅዋ መሐል ላይ ተቆረጠ። «እዚያ ግድግዳ ላይ ያለችው ሴት ናት እኮ። በቢጫ ቀለም የተሣለች፣ በሣቅ የምትፈነዳ ሴት። ጨረቃ አይደለችም። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል፣ ስለ አንድ ዓይናዎቹ፣ ስለ ሰውዬው። ዓይኔን እንደወሰደብኝ። ትሥቃለች ብዬ ነበር። አልሣቀችም። ሙሴ ወጣ እስኪሉ ጠብቃ ኮሪደሩ ውስጥ ገባች፣ እኔ በር ላይ ቆሜ «ተይው ልጄ፣ አትንኪው» እያልኩ ስለምን፣ ክፈፉን ከሚስማሩ አውርዳ ጀርባውን ከፈተችውና ወረቀቱን መዘዘችው።

«ይምጡ» አለችኝ። «በእጅዎ ይያዙት፣ ወደ መስኮቱ ያምጡት።»

የሸክላ ሽፋን ዞሮ የሚታጠፍ ወረቀት ነው። ይህን በየቀኑ ስጠርገው የኖርኩ ሰው አላሰብኩትም፤ እኔ የማውቀው ከመስታወት ሥር ያለውን ፊት ብቻ ነበር። ወደ ግራ ዓይኔ አስጠግታ ፊቱንና ጀርባውን እንደ መጽሐፍ ገለጠችልኝ። የፊቱ ሌላው ግማሽ ጀርባው ላይ ነበር። ሌላኛው ዓይን፣ የአፉ ቀሪ፣ የአገጩ ቀሪ። ሁለት ዓይኑን ገልጦ በቀጥታ የሚያይ ወጣት ሰው ነው። እሾሃማው ጽሑፍም እዚያ ድረስ ይቀጥል ነበር፤ እኔ ግማሽ ስም ነበር ስፈራ የከረምኩት።

«ሁለት አለው» አለች። «በእናንተ ሕግ ደግ ነው ማለት ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ዓይንዎን የወሰደው እሱ አይደለም።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የዚያን ቀን ነው በእውነት የፈራሁት። ሰውዬው ጥፋተኛ ሆኖ ሳለ መፍትሔ ነበረኝ፤ ጨርቅ እሸፍንበታለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ። እሱ ነጻ ሲወጣ ግን የቀረሁት እኔና ዓይኔ ነን። ወረቀቱን እንደያዝሁ ማልቀስ ጀመርኩ፣ እሷም ሽፋኑ እንዳይረጥብ ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችው።

«የእናቴም እንዲህ ነበር» አለችኝ። «የዓይን ሞራ ነው። ይነሣል። አብሽሩ።»

«ባይነሣስ?»

«ባይነሣ ያኔ እንፈራለን። አሁን ግን እንሄዳለን።»

ለሙሴ የነገረቻቸው እሷ ናት። እኔ ዘበኛ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ዕቃዬን በልቤ እሸክፍ ነበር። ሙሴ መጥተው አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ጨረቃዋን ጽፌያታለሁ» አሉኝ። «ይቅርታ ሙሴ፣ ውሸት ነበር» ስላቸው «የታየዎት እሱ ነበር፣ ደንቡም ያ ነው» አሉና ትከሻዬን ያዙኝ። ቦታዎ ይጠብቅዎታል አሉኝ። እኔ ግን አላመንኳቸውም። ሰው ደግ ቃል ሲናገረኝ ያን ጊዜ የስንብት ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሙ ፈረንሳይኛ፣ ነርሷ ሶማሊኛ ነው የሚናገሩት። ምግብ ሠሪዋ በመካከላችን ቆማ ሁሉንም ወደ ጆሮዬ ታመጣው ነበር። የቀኙ ሞራ በስሏል፣ የግራውም ጀምሯል፤ ቀኙ ቶሎ መነሣት አለበት አሉ። ቀኑ ሲቆረጥልኝ እህል አልወርድ አለኝ። ዓይን ላይ ስለት! ሌላው አካል ቢሆን ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ከዓይን ላይ ፊት ወዴት ይዞራል?

በዚያ ጠዋት መተላለፊያው ላይ ስንጠብቅ እጄ መቀመጫውን ይዞ አልለቅም አለ።

«የሐኪሙ እጅ ቢንቀጠቀጥስ?» አልኳት።

«ይንቀጥቀጥና ያያል! ማማሰያዬን በቦርሳ ይዣለሁ።»

«እውነትሽን ነው?»

«አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ሁሉን ያምናሉ።» ከዚያ ቀልዱን ትታ ጠጋ አለችኝ። «እኔም እፈራለሁ። እናቴን ሳመጣትም ፈርቼ ነበር። እስክትወጣ ድረስ መሬት መሬት ነበር ያየሁት። ግን እዚህ ሆኜ ነው የምፈራው፣ የትም አልሄድም።»

ከመድኃኒቶች ሁሉ እሱ ነው የሠራልኝ። ሌላ ሰው ሁሉ አትፍራ ብሎኝ ነበር፤ እሷ አብራኝ ፈራች። ስሜን ሲጠሩ እጄን ከመቀመጫው ላይ አላቅቃ ለነርሷ አስረከበችኝ። ውስጥ ስላለው ብዙ አልጽፍም። ብርሃን ነበር፣ ቀዝቃዛ ውኃ ነበር፣ የብረት ድምፅ ነበር። በሩ ጀርባ በሶማሊኛ ከአንድ ሰው ጋር ስትጨቃጨቅ እሰማት ነበር፤ እዚያ መቆም ክልክል ነው ይሏታል፣ እሷ እምቢ ትላለች። ድምፅዋን እየሰማሁ ነው የዋልኩት።

በማግስቱ ዓይኔ ላይ የታሰረው ጨርቅ ሲነሣ መጀመሪያ የታየኝ የሴት እጅ ነው። አንጓዋ ላይ በዘይት የተቃጠለ አሮጌ ጠባሳ ነበር። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ አላየሁትም ነበር። «ይሄ መቼ ነው?» ብዬ ስነካው ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች፤ ማየቴ የገባት ያኔ ነው። የግራው ዓይኔም በኋላ ተሠራ። በር መጠበቁንም ሙሴ አገራቸው እስኪገቡ ድረስ ቀጠልኩ።

አሁን እሷ ድሬዳዋ ተመልሳ የጨርቅ ሱቅ ከፍታለች። በበዓላቸውም በበዓላችንም ትደውልልኛለች፣ «አባባ፣ ያያሉ?» ነው የመጀመሪያ ቃሏ። «አያለሁ ልጄ» እላታለሁ። ሰዎች ዓይንህን ማን አዳነልህ ሲሉኝ ሐኪሙን አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔርንም አመሰግናለሁ። ከዚያ ፍርሃት እጄን ይዛ ያሻገረችኝ ግን የዚያ ቤት ምግብ ሠሪ፣ ልጄ እያልኩ የምጠራት የድሬዳዋዋ ሴት ናት።